የምልክት ቋንቋ ለምን አንድ አልሆነም?

አቤል07

ሰላም ለሁላችሁም። ከትናንት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ በረራ ስጠብቅ ሁለት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ፊት ለፊቴ ተገናኙ። አንዱ ስልኩ ላይ በቪዲዮ በምልክት ሲያወራ ሌላው አይቶት ነው የቀረበው። የያዙት ፓስፖርት የተለያየ ነው። መጀመሪያ ሁለቱም በፍጥነት እጃቸውን አንቀሳቀሱ። ከዚያ ሁለቱም ቆም አሉ። እንዳልተግባቡ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ትንሽ ቆይተው ዝግ ብለው እንደገና ጀመሩ። አንዱ አየር ላይ የሆነ ነገር ይስላል፣ ሌላው አንገቱን ይነቀንቅና በራሱ መንገድ ይመልስለታል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም በሳቅ ሲፈነዱ አየኋቸው።

እኔ እስከ ትናንት ድረስ የምልክት ቋንቋ በመላው ዓለም አንድ ይመስለኝ ነበር። ለምን አንድ አልሆነም? አንድ ቢሆን አይቀላቸውም ነበር? ቋንቋቸው ከተለያየስ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንዴት ተግባቡ? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ዓይናለም

አቤል ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መስማት የተሳነኝ ነኝ። የማስበው በምልክት ነው፣ የማልመውም በምልክት ነው።

እስቲ መልሼ ልጠይቅህ። የሚሰሙ ሰዎች ለምን አንድ ቋንቋ አይናገሩም? መልሱ ያው ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ የምልክት ቋንቋን የፈጠረ ሰው የለም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በተሰባሰቡበት ሁሉ ራሱ ይበቅላል፤ እዚያ ያለው እዚያ፣ እዚህ ያለው እዚህ ያድጋል። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን እንደሚለው በዓለም ላይ ከ70 ሚሊዮን በላይ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አሉ፣ የምልክት ቋንቋዎቹ ደግሞ ከ300 ይበልጣሉ።

«ምልክት እኮ ነገሩን መምሰል ነው፣ እንዴት ይለያያል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ዛፍን እንውሰድ። በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ክንድህን ከክርንህ ቀጥ አድርገህ ታቆማለህ፣ ጣቶችህን ትዘረጋለህ፣ እጅህን ወዲህና ወዲያ ታወዛውዛለህ። ክንድህ ግንድ፣ ጣቶችህ ቅርንጫፍ ሆኑ ማለት ነው። በዴንማርክ ግን በሁለት እጅህ ከላይ ጀምረህ የዛፉን ክብ አናት ትስላለህ፣ ከዚያ ግንዱን እየሳልክ ትወርዳለህ። በቻይና ደግሞ ሁለት እጆችህ ግንዱን ያቀፉ ይመስል ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሦስቱም ዛፍ ይመስላሉ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላውን ሲያይ ዛፍ መሆኑ በቀላሉ አይገባውም። ከነገሩ የትኛውን ጎን መያዝ እንዳለበት የሚመርጠው ማኅበረሰቡ ነው።

ዛፍ ደግሞ ቀላሉ ነው። «እምነት»፣ «ምክንያት»፣ «ትናንት» የሚሉት ላይ ስትደርስ መመሳሰል የሚባል ነገር ጭራሽ ላታገኝ ትችላለህ።

የእጅ ልጅ

ዓይናለም ላይ ትንሽ ልጨምር። እናቴም አባቴም መስማት የተሳናቸው ናቸው። እኔ እሰማለሁ፤ አፌን የፈታሁት ግን በእጄ ነው። አሁን አስተርጓሚ ሆኜ ነው የምሠራው።

ሰው ሁሉ የሚገረምበትን ልንገራችሁ። አሜሪካና እንግሊዝ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው አይደል? መስማት የተሳናቸው ዜጎቻቸው ግን አይግባቡም። የአሜሪካው የምልክት ቋንቋ ዘመዱ የፈረንሳዩ እንጂ የእንግሊዙ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ የሚባል ቄስ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በነፃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆቹ ቀድሞውንም በምልክት ያወሩ ነበር። እሱ ያንን ተቀብሎ ማስተማሪያ አደረገው። በኋላ ከዚያ ትምህርት ቤት ሎራን ክሌርክ የሚባል፣ ራሱም የማይሰማ መምህር ወጣ። ቶማስ ጋላውዴት የተባለ አሜሪካዊ የማስተማር ዘዴ ፍለጋ አውሮፓ ሄዶ ነበርና ክሌርክን ለመነው። በ1816 አብረው በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ጉዞው ሳምንታት ይፈጃል። ክሌርክ ለጋላውዴት ምልክት ያስተምራል፣ ጋላውዴት ለክሌርክ እንግሊዝኛ ያስተምራል። በ1817 ሃርትፎርድ ላይ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። ክሌርክ ይዞት የመጣው የፈረንሳይ ምልክት፣ ልጆቹ ከየመንደራቸው ካመጡት ምልክት ጋር ተዋሐደና የዛሬው የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ሆነ።

እንግሊዝ የራሷን መንገድ ሄደች። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የምልክት ቋንቋዎች ከእሷ ወገን ናቸው። የጣት ፊደላቸውን፣ ማለትም የጽሑፍ ፊደልን አንድ በአንድ በእጅ የሚያሳዩበትን፣ ብቻ ብታዩ ልዩነቱ ይታያችኋል። አሜሪካኖቹ የጣት ፊደል የሚሠሩት በአንድ እጅ ነው። እንግሊዞቹ በሁለት እጅ ነው። አምስቱን አናባቢዎቻቸውን በአምስቱ የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ ላይ አስቀምጠዋቸዋል፤ በቀኝ ሌባ ጣት ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት እየነኩ ይቆጥሯቸዋል። አየርላንድ ደግሞ ከእንግሊዝ አፍንጫ ሥር ሆና የምልክት ቋንቋዋ ከፈረንሳዩ ወገን ነው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ሁለቱም ይሠራሉ።

የሚነገር ቋንቋ ካርታ እና የምልክት ቋንቋ ካርታ አንድ ላይ አይገጥሙም። የምልክት ቋንቋ የሚከተለው ትምህርት ቤትን ነው። አንድ መምህር ከየት ተነስቶ የት ሄደ የሚለውን ከተከተላችሁ ዝምድናው ይገለጥላችኋል። አፍሪካ ውስጥ ራሱ አንድሩ ፎስተር የሚባል መስማት የተሳነው ጥቁር አሜሪካዊ ከ1957 ጀምሮ፣ ከጋና ተነስቶ፣ በ13 አገሮች 31 ትምህርት ቤቶችን አቋቁሟል። የአሜሪካው ምልክት በብዙ የአፍሪካ አገሮች አሻራው የሚታየው በእሱ በኩል ነው።

ዓይናለም

የጣት ፊደል ካነሳህማ የእኛን ፊደል ሳልጠቅስ አላልፍም! በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ፊደላችንን ራሱን ይከተላል። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይናገራል፣ እጁ የሚሄድበት እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይለያል። ቅርጹን ሳትለውጥ እንቅስቃሴውን ብቻ ስትለውጥ ከ«በ» ወደ «ቡ» ትሄዳለህ። ወረቀት ላይ ካለው ፊደል ጋር አሠራሩ አንድ ነው። እኔ ሁልጊዜ ያኮራኛል።

ግን አንድ ነገር ይሰመርበት። የጣት ፊደል ማለት የምልክት ቋንቋ ማለት አይደለም። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ምልክት የሌለው አዲስ ቃል ሲያጋጥም ነው የምንጠቀምበት። ጨዋታችንን በሙሉ በጣት ፊደል ብናደርገው እስክንጨርስ ይነጋል።

ጋሽ ደጉ

ልጆቼ፣ የምጽፈው ለመከራከር ሳይሆን ለመረዳት ነው፤ ቅር እንዳይላችሁ። ጡረታ የወጣሁ የቋንቋ መምህር ነኝ። ምልክቶች እንዳሉ ይገባኛል። ቋንቋ ግን የቃላት ክምር አይደለም። ሰዋስው አለው። «ዝናብ ከጣለ አልመጣም» የሚለውን በእጅ እንዴት ይሉታል? «እኔ ሰጠሁት» እና «እሱ ሰጠኝ» የሚለው በምን ይለያል? ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ጊዜ፣ እነዚህ የት ይቀመጣሉ?

የእጅ ልጅ

ጋሼ፣ ያነሱት ዋናው ቁም ነገር ነው። ተራ በተራ ልሂድ። ምሳሌዎቼን የማመጣው ከሁሉም በላይ ከተጠናው ከአሜሪካው ነው።

«መስጠት» የሚለው ምልክት መንገድ አለው። ከእኔ ደረት ተነስቶ ወደ እርስዎ ከሄደ «ሰጠሁዎት» ነው። ከእርስዎ ተነስቶ ወደ እኔ ከመጣ «ሰጡኝ» ነው። እዚህ የሌለ ሰው ቢሆንስ? መጀመሪያ ስሙን እጠራና በቀኜ በኩል አየር ላይ ቦታ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ የእሱ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ በግራዬ ካስቀመጥኩ፣ ምልክቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ማን ለማን እንደሰጠ ሁሉም ያውቃል። አማርኛ «ሰጠሁት» ብሎ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አንድ ግስ ላይ ይለጥፍ የለ? ምልክት ያንኑ የሚያደርገው በቦታ ነው።

«ዝናብ ከጣለ አልመጣም» የሚለው ፊት ላይ ነው። «ዝናብ» ሲሉ ቅንድብ ወደ ላይ ይነሳል፣ ራስ ትንሽ ዘንበል ይላል። ይኼ «ከ...» የሚለው ነው። ከዚያ ቅንድቡ ይወርድና «አልመጣም» ይከተላል። ቅንድቡን ካላነሱት ዓረፍተ ነገሩ «ዝናብ ጣለ፣ አልመጣሁም» ሊሆን ይችላል። ጥያቄም እንደዚሁ ነው። አዎ ወይም አይ ለሚባል ጥያቄ ቅንድብ ይነሳል። «ማን»፣ «የት»፣ «ለምን» ለሚሉት ደግሞ ይኮሳተራል። ሰው አይቶን «ፊታቸውን የሚያጣምሙት ለምንድን ነው?» ይላል። የምናጣምመው ሰዋስው ስለሆነ ነው።

ቃሉ ራሱ ሲሰነጠቅ ደግሞ ክፍል አለው። እጅዎን ከፍተው፣ አምስቱን ጣቶች ዘርግተው፣ በአውራ ጣትዎ አገጭዎን ይንኩ። እናት ነው። እጁን ምንም ሳይለውጡ ግንባርዎን ይንኩ። አባት ሆነ። የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። «በራ» እና «መራ» በአንድ ድምፅ እንደሚለዩት ማለት ነው።

ይኼን መጀመሪያ በጥናት ያሳየው ዊልያም ስቶኪ ነው፣ በ1960። መስማት የተሳናቸው በሚማሩበት በጋላውዴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ምልክቶች ከእጅ ቅርጽ፣ ከቦታ እና ከእንቅስቃሴ እንደሚገነቡ አሳየ። ያኔ ብዙ ሰው አልተቀበለውም ነበር። በኋላ የአንጎል ጥናት መጣ። በምልክት የሚያወሩ ሰዎች የግራውን የአንጎል ክፍል ስትሮክ ሲመታቸው ቋንቋቸው ይሰናከላል። እጃቸው ይንቀሳቀሳል፣ ብርጭቆ ያነሳሉ፣ ምልክቱ ግን አልታዘዝ ይላቸዋል። የሚናገር ሰው አፉ ሳይታመም ቃል እንደሚጠፋበት ነው። አንጎል ቋንቋን የሚለየው በድምፅ አይደለም ማለት ነው።

ጋሽ ደጉ

አመሰግናለሁ ልጄ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እጄን አገጬና ግንባሬ ላይ አድርጌም ሞከርኩት።

እኔም አንድ ነገር ልናገር። ወጣት መምህር ሳለሁ የማይሰማ ተማሪ ነበረኝ። የኋላ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጀርባዬን ሰጥቼ አስረዳለሁ። እሱ የጎረቤቱን ደብተር ይገለብጣል። እኔ «አይገባውም» ብዬ ነበር የማስበው። ሁለተኛውን ሴሚስተር አልተመለሰም። ለዚያ ልጅ አንዲት ቃል በሚገባው ቋንቋ ሳልነግረው ነው የሄደው። አሁን እናንተን ሳነብ መልኩ ፊቴ ላይ መጣ።

ዓይናለም

ጋሼ፣ ይኼን ስለነገሩን እግዜር ይስጥልኝ። የኋላ ወንበሩን አውቀዋለሁ፣ እኔም ተቀምጬበታለሁ።

እርስዎ ብቻ አይደሉም ያልገባዎት። በ1880 ሚላን ላይ የመምህራን ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ ብዙዎቹ የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። «ከምልክት ይልቅ ንግግር ይሻላል» ብለው በድምፅ ብልጫ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ምልክት ከክፍል ወጣ። መስማት የተሳናቸው መምህራን ሥራቸውን አጡ። ልጆች በምልክት ሲያወሩ ከተገኙ እጃቸውን ይመቱ ነበር። ያ የመምህራን ጉባኤ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ሲሰበሰብ ነው በሚላኑ ውሳኔ መጸጸቱን በይፋ የገለጸው። 130 ዓመት።

ቋንቋው ግን አልሞተም። መኝታ ቤት ውስጥ፣ ግቢ ውስጥ፣ መምህሩ ዞር ሲል ልጅ ለልጅ ሲያስተላልፈው ኖረ።

የናቲ እናት

እንደምን አላችሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ክሩን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። እንደማይሰማ ካወቅን አምስት ወር ሆነን። እኔም አባቱም እንሰማለን። በቤተሰባችን ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። የሚታከምበት ቦታ አንዷ ባለሙያ «ምልክት እንዳታስለምዱት፣ ሰነፍ ይሆንና አይናገርም፤ ከንፈር ማንበብ ይለማመድ» አለችን። እሺ ብለን ፊት ለፊቱ ቀስ እያልን እናወራለን። እሱ ዓይኑን አፌ ላይ ይተክልና ከዚያ ይሰለቸዋል። ሲናደድ ራሱን ከመሬት ይመታል። ምን እንደፈለገ አላውቅም። ውሃ ይሁን፣ ሆዱን ይመመው፣ አላውቅም። ምን ላድርግ?

ዓይናለም

እህቴ፣ አይዞሽ። እንኳን ጻፍሽ።

ስለ ከንፈር ልንገርሽ፣ ሠላሳ ዓመት አንብቤያለሁና። መስታወት ፊት ቁሚና ድምፅ ሳታወጪ «በራ» በይ። ቀጥለሽ «መራ» በይ። ከንፈርሽ ላይ ልዩነት አየሽ? የለም። «በላ» እና «መላ»ም እንደዚያው ናቸው። «ገላ» እና «ቀላ» ደግሞ የመጀመሪያ ድምፃቸው ከአፍ ውስጥ ወደ ኋላ ስለሚሠራ ከውጭ አይለዩም። ከንፈር ላይ የሚታየው የንግግሩ ትንሹ ክፍል ነው፤ ሌላውን የምሞላው በግምት ነው። እኔ መገመት የምችለው ቋንቋውን አስቀድሜ ስለማውቀው ነው። ልጅሽ ግን ቋንቋ ገና የለውም። ከምን ተነስቶ ይገምት? ሰነፍ አይደለም። የጠየቃችሁት የማይቻል ነገር ነው።

ራሱን ከመሬት የሚመታው ልጅ የሚናገረው አለው። መናገሪያው ነው የጠፋው።

የእጅ ልጅ

የናቲ እናት፣ እኔም ልጨምርልሽ። «ምልክት ካወቀ አይናገርም» የሚለው ብዙ ወላጅን ያስፈራራ ወሬ ነው። ጥናቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። ሬቸል ሜይቤሪ የምትባል ተመራማሪ መስማት የተሳናቸውን አዋቂዎች መርምራ ነበር። በልጅነታቸው አንድ ቋንቋ በደንብ የያዙት፣ በምልክትም ይሁን በንግግር፣ በኋላ ሌላ ቋንቋ ሲማሩ በጣም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በልጅነታቸው ምንም ቋንቋ ያላገኙት ግን ከዓመታት በኋላም ይቸገሩ ነበር። የመጀመሪያው ቋንቋ መሠረቱ ነው። በየትኛው በር መግባቱ አይደለም ቁም ነገሩ፣ በጊዜ መግባቱ ነው። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ብቻሽን አይደለሽም።

በምልክት የሚያወሩ ወላጆች ያሏቸው ሕፃናት ደግሞ ሌላው ሕፃን «ባ ባ ባ» በሚልበት ዕድሜ በእጃቸው ይኮላተፋሉ። ትርጉም የሌለው፣ ግን ቅርጽ ያለው የእጅ ጨዋታ ነው። እናቴ እኔም እንደዚያ አደርግ እንደነበር ትነግረኛለች።

የመስሚያ መርጃ መሣሪያም ሆነ በቀዶ ሕክምና የሚገባው የጆሮ መሣሪያ ከምልክት ጋር ጠላት አይደሉም። ሁለቱንም አድርጉ። መሣሪያው ሲወልቅ፣ ሲታጠብ፣ ሲተኛ፣ ባትሪው ሲያልቅም ልጅሽ ቋንቋ ያስፈልገዋል። ለመጀመር ደግሞ ጎበዝ መሆን የለብሽም። ዛሬ አሥር ምልክት ካወቅሽ ዛሬውኑ በአሥሩ አውሪው። ከተቻለ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች ጋር ይዘሽው ሂጂ። ሲያድግ ምን እንደሚመስል እሱም አንቺም ታያላችሁ።

ሶል

የልጆች ነገር ከተነሳ ስለ ኒካራጓ የሚጽፍ ጠፋ እንዴ? ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ እንደዚህ የደነቀኝ የለም።

እስከ 1970ዎቹ ድረስ እዚያ መስማት የተሳናቸው ልጆች በየቤታቸው ተበታትነው ነበር የሚኖሩት። እያንዳንዱ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር የሚግባባበት የራሱ የቤት ምልክት ነበረው፣ ከዚያ ያለፈ ቋንቋ ግን አልነበራቸውም። በ1977 ዋና ከተማዋ ማናጓ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ደግሞ ተስፋፋ። መምህራኑ የሚያስተምሩት ስፓኒሽ በከንፈር ነበር። ብዙም አልሠራም። ልጆቹ ግን ግቢ ውስጥና አውቶቡስ ላይ የየቤታቸውን ምልክት ማቀላቀል ጀመሩ። መምህራኑ ልጆቹ የሚሉትን መከታተል አቃታቸው። በ1986 ጁዲ ኬግል የምትባል የቋንቋ ተመራማሪ ተጠርታ መጣች። ያየችው አዲስ ቋንቋ ሲወለድ ነው።

አስገራሚው ግን ይኼ ነው። በኋላ የገቡት ትንንሾቹ ልጆች ከትልልቆቹ የተቀበሉትን እንዳለ አልያዙትም፣ ሰዋስው ጨመሩበት። ቦታ መጠቀምን ለምሳሌ፣ የእጅ ልጅ ለጋሼ ያስረዳውን ዓይነት፣ እነሱ አሠልጥነው ያዙት። ማንም አላስተማራቸውም። የተደረገላቸው ነገር ቢኖር አንድ ግቢ ውስጥ መገናኘታቸው ብቻ ነው።

የእጅ ልጅ

ሶል በጣም ጥሩ። ተቃራኒውን ደግሞ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ አጠገብ ማርታስ ቪንያርድ የምትባል ደሴት አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዘር በሚተላለፍ ምክንያት ከ155 ሰው አንዱ አይሰማም ነበር። ቺልማርክ በሚባለው ክፍሏ ከ25 ሰው አንዱ። ስለዚህ የሚሰማውም የማይሰማውም በምልክት ያወራ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ጀልባ በምልክት ይነጋገራሉ። የሚሰሙ ሰዎች የማይሰማ ሰው በሌለበት ራሱ እርስ በርስ ይጠቀሙበት ነበር። አዛውንቶቹ በኋላ ሲጠየቁ ማን ይሰማ፣ ማን አይሰማ እንደነበር ለማስታወስ ያስቡ ነበር ይባላል። ልጆቹ ሃርትፎርድ ትምህርት ቤት እየሄዱ፣ ከውጭ እያገቡ፣ ቋንቋው እየሳሳ ሄደ። የመጨረሻዋ መስማት የተሳናት ተናጋሪ በ1952 አረፈች።

እንደዚህ ያሉ መንደሮች ሌላም ቦታ አሉ። ጋና ውስጥ አዳሞሮቤ፣ ባሊ ውስጥ ቤንግካላ፣ እስራኤል ኔጌቭ በረሃ ውስጥ አል ሰይድ የሚባሉት በደዊን ዐረቦች። የሁሉም የምልክት ቋንቋ የየራሳቸው ነው።

አቤል07

እኔ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ክፍል ገባሁ እኮ። አመሰግናችኋለሁ። ግን አውሮፕላን ማረፊያ ያየኋቸው ሰዎች ነገር አልተመለሰልኝም። አንድ ዓለም አቀፍ ምልክት አዘጋጅቶ ሁሉም እንዲማር ማድረግስ አይቻልም?

ዓይናለም

ተሞክሯል አቤል። በ1975 ጌስቱኖ የሚባል ወደ 1,500 ምልክት የያዘ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። ቃላት ብቻ ነበሩ፣ ሰዋስው አልነበራቸውም። ሰው አልለመደውም። በሕይወት ያለው «ዓለም አቀፍ ምልክት» የምንለው ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በስብሰባና በስፖርት ውድድር ሲገናኙ ከልምድ የተፈጠረ ነው። መግባቢያ ነው እንጂ ከእሱ ጋር ያደገ ማኅበረሰብ የለም፤ ቃላቱም ውስን ናቸው።

ያየሃቸው ሁለቱ ደግሞ ምን እንዳደረጉ ልንገርህ፣ እኔም አድርጌዋለሁና። ቃላችን ይለያያል። ቦታ መስጠት፣ ፊት ላይ መጠየቅ፣ የሰው አካሄድና የመኪና መንገድ በእጅ ማሳየት ግን በብዙዎቹ የምልክት ቋንቋዎች ይቀራረባል። ቃሉ ሲያልቅብን በትዕይንት እንሠራዋለን። አንዱ ምልክቱን ያሳያል፣ ሌላው የራሱን ይመልሳል፣ ከሁለቱ አንዱን እንይዝና ወደፊት እንሄዳለን። በዚያ ላይ ዕድሜ ልካችንን ከማይረዳን ሰው ጋር መግባባት ስንለማመድ ነው የኖርነው። ካልተግባባን አንተወውም፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። የሚሰሙ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ድምፃቸውን ጨምረው ያንኑ ቃል ይደግማሉ።

ሮባ

ኢንጂነሪንግ ነው የምማረው። በምልክት ሲያወሩ ወደ ድምፅ የሚቀይር ጓንት ለመመረቂያ ፕሮጀክት ልንሠራ አስበናል። ምን ትላላችሁ?

ዓይናለም

ልባችሁ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ ሮባ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ። ጓንት ቅንድቤን አያይም። ራሴን ማዘንበሌን፣ ዓይኔ የት እንደሄደ፣ ትከሻዬ ወዴት እንደዞረ አያይም። ከላይ ያለውን አንብበህ ከሆነ ሰዋስዉ ግማሹ እዚያ ነው። ደግሞ ጓንቱ ለእናንተ እኔን ያሰማችኋል፣ ለእኔ እናንተን አያሰማኝም። ሸክሙን የምለብሰው እኔ፣ የሚገለገለው የሚሰማው ሰው። መጀመሪያ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ቡድናችሁ ውስጥ አስገቡና ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቁ። ምናልባት የሚነግሯችሁ ከጓንት የተለየ ይሆናል።

ሮባ

ገባኝ። ፊትን ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። ከጓደኞቼ ጋር እንነጋገርበታለን።

የእጅ ልጅ

ምልክት የማያውቅ ሰው ምልክት ሁሉ አንድ ስለሚመስለው የሚመጣውን ጉዳት በ2013 ዓለም ሁሉ አይቷል። በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ከመሪዎቹ አጠገብ የቆመው «አስተርጓሚ» የሚሠራው ትርጉም የሌለው የእጅ እንቅስቃሴ ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ያለው ሰው አላወቀም። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ግን ወዲያው አወቁ። ተቆርጠው የቀሩት እነሱ ነበሩ። በዚያችው አገር የደቡብ አፍሪካ የምልክት ቋንቋ በ2023 አሥራ ሁለተኛው የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ዜናውን ስሰማ ለእናቴ ነገርኳት፣ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ለሁላችሁም አንድ ልመና። በአስተርጓሚ ስታወሩ እኔን አትዩኝ። «በላት» «ንገረው» አትበሉኝ። የምታወሩት ከእሷ ጋር ነው፣ እሷን እዩ። መስኮት ከጀርባችሁ ሆኖ አትቁሙ፣ ፊታችሁ ይጨልማል። ልትጠሩን ስትፈልጉ ትከሻ መታ ማድረግ፣ እጅ ማወዛወዝ፣ መብራት ብልጭ ማድረግ ነውር አይደለም፣ እንደ ስም መጥራት ነው።

ሶል

ማየትም መስማትም የማይችሉ ሰዎችስ?

የእጅ ልጅ

እጃቸውን በእጅሽ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ምልክቱን በመዳሰስ ያነቡታል። አንዲት ሴትዮ ጋር ሠርቻለሁ። ስስቅ እንዴት እንደምታውቅ ጠየቅኳት። «እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ።

የናቲ እናት

ሰላም ናችሁ? ከጻፍኩ ሁለት ወር አለፈኝ። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

በሳምንት ሁለት ቀን አንዲት መስማት የተሳናት መምህርት ቤት እየመጣች ታስተምረናለች፣ እኔን፣ አባቱን፣ አያቱንም ጭምር። አያቱ ከሁላችንም ቀድማ ነው የያዘችው። ናቲ አሁን ወደ አርባ ምልክት አለው። ራሱን ከመሬት መምታት ትቷል ማለት ይቻላል።

ትናንት ማታ ሳህን እያጠብኩ የማድ ቤቱ መብራት ጠፋ። በራ። እንደገና ጠፋ። ዞር ስል ወንበር ላይ ቆሞ ማብሪያ ማጥፊያውን ይዟል። እያየሁት መሆኔን አረጋገጠና «አባት» አለ፣ «መጣ» አለ፣ ሁለቱንም ቅንድቦቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ጠበቀኝ። ቅንድቡን እኔ አላስተማርኩትም፤ ከመምህርቷ ያየው መሆን አለበት።

«አልመጣም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወርዶ ሄደ።

ዓይናለም

አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። የመብራቱን ነገር እኔም በእናቴ ላይ አደርገው ነበር።

አሁን የምልክት ስም ስጡት። እናንተ ሳትሆኑ መምህርቷ ታውጣለት፣ ልማዳችን እንደዚያ ነው፤ ስም የሚያወጣው መስማት የተሳነው ሰው ነው። የሚታወቅበት ነገር ምንድን ነው? አሳሳቁ ነው? ጸጉሩ?

የናቲ እናት

ሲስቅ እዚህ ጉንጩ ላይ ስርጉድ ይላል። በአንድ ጎን ብቻ። ሐሙስ ስትመጣ እጠይቃታለሁ።